የአባዬ «ጨጓራ»

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ማታ

ዛሬም ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ዓይኔ ጠፋ። ከዚያ የጎፋ ታክሲ ሰልፍ፣ ዝናብ፣ የለቡ ጭቃ። ደክሞኛል። የማናግረው አንቺን ብቻ ነው፣ ማስታወሻዬ።

የማጠናውን ታውቂዋለሽ። በጉበት ሴል ኒውክለስ ውስጥ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን። የሐሞት አሲድ ሲይዘው ጂን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በዚያ ትዕዛዝ ተከላካይ ሴሎች ወይ ዕጢውን ሊዋጉ ይመጣሉ፣ ወይ ይቀራሉ። ይኼን ሁሉ ተምሬ አባዬን «ጨጓራ ነው» እለዋለሁ! የጉበት ካንሰር ነው። ዶ/ሩ የነገረን ለእኔና ለአክስቴ ለእትዬ ጽጌ ነው። እሷ ደግሞ እንዳልነግረው አስማለችኝ። ካወቀ በድንጋጤ ይሞትብናል አለች።

ረቡዕ፣ 12

አባዬ ሱቁን ከፍቶ ቀለምና ሚስማር ሲሸጥ ዋለ። ማታ ተልባ ጠጣ። ተሻለኝ አለ። ተሻለኝ! አይ አባዬ።

ዶ/ሩ ደወለ። ዕጢው ገና ትንሽ ነው፣ አሁን ከሆነ ተቆርጦ ይወጣል፣ ሰኞ ሆስፒታል ይተኛ አለ። ደስታውም አደከመኝ።

ዓርብ፣ 14

አባዬ አልሄድም አለ። ለጨጓራ ማን ይቀደዳል ብሎ ሳቀብን። ሰኞ ዕቃ ይገባለታል። በገዛ ውሸታችን እኛኑ ረታን።

እራት ላይ ላብራቶሪ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጉበቱ ጠባቂዎች አሉት፣ ግን የሚጠራቸው ከሌለ ዕጢው አጠገባቸው ያድጋል አልኩት። የማን ጉበት ነው አለኝ። የአንድ ሰውዬ፣ አታውቀውም አልኩ። ከንፈሩን መጠጠ። ምስኪን፣ እግዜር ይማረው አለ።

እሑድ፣ 16፤ ከሰዓት

እትዬ ጽጌ ደወለች። መሐላሽን እንዳትረሺ አለችኝ። ጎረቤቷ ሕመሟን ደብቃ የሞተች ጊዜ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ለቅሶ ቤቱን ስትገሥጽ የነበረችው እሷ ናት! ተናደድኩ። ጮህኩባት፣ ዘጋሁባት። አፈርኩም። እሷም እኮ ለወንድሟ ነው የፈራችለት።

ነገ ሰኞ ነው። እነግረዋለሁ። ለመሐላው ንስሐ እገባለሁ።

አባዬ በረንዳ ላይ ነው፣ ሬዲዮ ይሰማል። እንዴት ልጀምር? አባዬ፣ ያ እግዜር ይማረው ያልከው ሰውዬ... ሌላ መግቢያ አልመጣልኝም። ሬዲዮውን ዘጋው። ተልባ አምጪልኝ እያለ እየጠራኝ ነው። ባዶ እጄን ልወጣና በዚያው ልጀምር።