ከ«ቴክ» ጋር ሦስት ሳምንት

ጥር 6፣ ማክሰኞ
አስራ አራት ሱሪ አሳጠርኩ። ሦስት ዚፕ ቀየርኩ። የሆቴሉ ምድር ቤት ዛሬም ወበቅ ነው፤ የካውያው እንፋሎት መነጽሬን ያደበዝዘዋል። ላይ ፎቅ ላለው የልብስ መለኪያ ክፍል ልብስ ሰፊ ይፈለጋል አሉ። ትልቅ መስታወት አለው። አስራ ዘጠኝ ዓመት የእንግዳ ልብስ ሰፍቼ ለባሹን አይቼ አላውቅም... በቅርጫት ይመጣል፣ በቅርጫት ይሄዳል። ያን ክፍል ፈለግሁት። ግን እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ለባለቤቴ ብነግራት «ታዲያ ልጅህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

ጥር 8፣ ሐሙስ
ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ዛሬ አስተማሪዬ ሆነች። «አባዬ፣ ብዙ ቃል አትሸምድድ። አንድ ግሥ እንያዝ... ቴክ።» መውሰድ ማለት ነው። በቃ? ይሄማ ቀላል ነው አልኩ። ሳቀች። ይቺ ሳቅ ለበጎ አይደለችም።

ጥር 11፣ እሑድ
መውሰድ ብቻ አይደለም ለካ። መድኃኒት ሲውጡም ቴክ። ፎቶ ሲያነሱም ቴክ። ኮት ሲያወልቁ ቴክ ኦፍ፤ አውሮፕላን ሲነሳም ያው። ሥራ ጊዜ ሲፈጅ ቴክ። ልብስ ሲያጠቡ ሳይሆን ሲያጠብቡ ቴክ ኢን፤ ይቺን ወደድኳት፣ የሙያ ዘመዴ ናት። ይሄ ግሥ ነው ወይስ ሁለገብ ሠራተኛ? እነዚህ ሰዎች ሌላ ግሥ አጥተው ነው?
«የኛስ 'ያዘ'?» አለች ልጄ። «ታክሲ ትይዛለህ፣ ቀጠሮ ትይዛለህ፣ ጉንፋን ይይዝሃል፣ እማዬ ላይ ቂም ትይዛለህ።»
«ቀጥይ» አልኳት።

ጥር 14፣ ረቡዕ
ልጄ ዓረፍተ ነገሮቹን በቁራጭ ወረቀት ትጽፍልኛለች። እኔ በምሰፋው ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛቸዋለሁ። ልብሱ ሲያልቅ ዓረፍተ ነገሩም ያልቃል። ልብስ ተኳሹ ባልደረባዬ አየና «ሱሪውንም ልታስተምረው ነው?» አለኝ። ይሳቅ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ
ጉድ ሆንኩ። አንዷን ወረቀት ሳላነሳ ከእንግዳ ሱሪ ጋር ሰድጃታለሁ። «ቴክ ዩር ታይም» የምትለዋን... አትቸኩል፣ ተረጋጋ ማለት ናት። ከሥሯ ደግሞ በአማርኛ «ይህን አስር ጊዜ ሳትል ሻይ የለም» ይላል። ሁላችን «ሻለቃ» የምንላት አለቃችን ሰኞ ቢሮ ና ብላለች። የፈሩት ይደርሳል። ምሳ አልበላሁም።

ጥር 19፣ ሰኞ
ሻለቃ ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ለካ እንግዳው የሆቴሉ መልካም ምኞት መስሎት፣ ወረቀቷን ለእሷ ትቶ አመስግኖ ነው የሄደው። «እንግሊዝኛ መጻፍህን ለምን ደበቅኸኝ? ለመለኪያ ክፍሉ ዓርብ ተፈተን» አለች። «እሺ» አፌ ላይ ደርሳ ነበር... ዋሽቼ ልግባ?
«የኔ አይደለም፣ የልጄ ጽሑፍ ነው። እኔ ገና አንድ ግሥ ነው የማውቀው» አልኳት።
ወረቀቷን መልሳ ሰጠችኝ። «እሱኑ አሳምረህ ና» አለች።

ጥር 21፣ ረቡዕ
እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጥር 23፣ ዓርብ
ፈታኙ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አማርኛ አያውቅም። ሻለቃ ከጎኑ ተቀምጣለች። ጥያቄው ሁሉ በጆሮዬ ጥግ አለፈ። ላብ አጠመቀኝ። አለቀልኝ ስል ዓይኔ ኮቱ ላይ አረፈ። የግራው እጅጌ ከቀኙ በአንድ ጣት ይረዝማል። እንዴት ብዬ ልለፈው?
«ቴክ ኦፍ፣ ፕሊስ።» ግራ ገብቶት አወለቀ። «ቴክ ኤ ሲት።» ተቀመጠ። «ኢት ቴክስ ቴን ሚኒትስ» አልኩና መርፌዬን አወጣሁ። ለጊዜው በእጅ ስፌት ያዝኩለት፤ ዘጠኝ ደቂቃም አልፈጀብኝ። ለበሰው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ አስተያየ፣ ሳቀ። ያለው አልገባኝም። ሻለቃ ተረጎመችልኝ፦ «ቋንቋው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሰኞ ጀምር እያለህ ነው።»
ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው መቼ ነበር? ማታ ቤት ስገባ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ጥር 26፣ ሰኞ
የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እናቴን የሚያህሉ እንግዳ ናቸው። ጥቁር ቀሚስ ሰፍቷቸዋል። ለካሁ፣ አጠበብኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ለብሰው ወጡና መስታወቱ ፊት ቆሙ። በአንድ ጎን ዞሩ፣ በሌላው ዞሩ፣ ትከሻቸውን አቀኑ... ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። የሰፋሁት ልብስ ሰው ላይ ሆኖ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እንባዬ መጣ።
ዞረው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ቴክ እንኳን ትጥፋኝ?
«አምሮብዎታል» አልኳቸው በአማርኛ።
ገባቸው።