በቁሟ ለተለቀሰላት ልጄ

«ካርቱም ለለቅሶዬ የወጣው ሕዝብ ለቀልዴ ቢመጣ ኖሮ ሀብታም እሆን ነበር።» መድረክ ላይ ያልሽው ቃል በቃል ይህ ነው።

ልጄ ህሊና፣ ከካንሰር አድኖ ለመድረክ የመለሰሽ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው። እኛ ደህና ነን፤ እዚህ ካርቱም ሰፈራችን ዴምም መብራት መጥቷል። ሆስፒታል ሳለሽ «ሞታለች» የሚል የሐሰት መርዶ ደርሶን፣ ድንኳን ጥለን ያለቀስነው ግን ቀልድ አልነበረም። እናትሽ ጥቁሯን ዛሬም አላወለቀችም። ስትደውዪ «ድምፅዋን አስመስለው እያባበሉኝ ነው» ትላለች። ጎረቤታችን ባዬ «ያላ፣ ነይ እትዬ፣ ይኸው ቆማ ስትስቅ እይዋ!» ብሎ ቪዲዮሽን ቢያሳያት፣ «የኔ ልጅ በእናቷ እንባ አትስቅም» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም አሁን አሁን ስልኩ ሲጮህ «እውነት እሷ ባትሆንስ» እያልኩ ማንሳት እፈራለሁ።

የእጅ ጽሑፍሽን ታውቀዋለች። ቀልድ ሳትጨምሪ ጻፊላት፤ በሰው እጅ ላኪው። ጤና አይንሳሽ። መልስሽን በጽሑፍ እስከ ሰኔ ሠላሳ እጠብቃለሁ።

አባትሽ