የኦቦ መርዳሳ አበባ

ፎዚዬ፣

ከባቱ ነው የምጽፍልሽ፤ ግን ደሜ ስለፈላ የሐይቁን ውበት ከኔ አትጠብቂ። ዛሬ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች ከመረባቸው ላይ እምቦጭ ሲነቅሉ ያረፍኩበት ሎጅ ባለቤት ኦቦ መርዳሳ አዩና፣ «ይሄ አረም ሐይቃችንን ጨረሰው! የሚመለከተው አካል ምን እየጠበቀ ነው?» ብለው ጮኹ። ወዲያው ደረታቸውን ነፍተው የግቢያቸውን ገንዳ ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ገንዳውን የሞላው እምቦጭ ነው!

«ኦቦ መርዳሳ፣ ይሄም እኮ እምቦጭ ነው» ስላቸው፣ «ኧረ ልጄ! ያ አረም ነው፤ የኔ አበባ ነው» አሉኝ። ከዓሣ አስጋሪዎቹ ይዤ የመጣሁትንና የገንዳውን ጎን ለጎን ያዝኩላቸው፤ ያው እንደ ፊኛ ያበጠ አገዳ፣ ያው ሐምራዊ አበባ፣ ያው ቢጫ ነጥብ። ክፍል ውስጥ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የማስተምረውን እዚያም ደገምኩት፤ ዕፅዋት የሚመደቡት በአካላቸውና በዘራቸው እንጂ በበቀሉበት ግቢ አይደለም። የምንመድባቸውም አንድ ቦታ ጥፋት ያደረሰው ተክል ሌላ ቦታ ሲመጣ ገና ከበሩ እንዲታወቅ ነው። እሳቸው ሳቁብኝ። የገንዳው ትርፍ ውሃ ደግሞ በቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል!

ይህን የሎጁን ፖስትካርድ ገልብጪና ፎቶውን እዪው፤ ያው ገንዳ ነው። አበባውን አወቅሽው አይደል? ባለፈው ወር ከዚሁ ግቢ በሃይላንድ ይዘሽ ሄደሽ አዳማ በረንዳሽ ላይ በሳፋ የተከልሽው፣ በስልክ ጉራ የነፋሽብኝ «የባቱ አበባ» ነው። ነቅለሽ ፀሐይ ላይ አድርቀሽ አቃጥዪው። ቦይ ውስጥ ጥለሽ አዋሽ እንዳታስገቢብን!

ቦታ አለቀብኝ፤ ንዴቴ ግን አላለቀም። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ አንቺንም በጣም ነው የምወድሽ። ስመጣ ግን ሳፋው ልብስ ተዘፍዝፎበት ላግኘው።

ኮከብ