ለሞተር መጋዛችን ስለተሰጠው ቁጥር የቀረበ የአደባባይ ምስጋና

ለተከበሩ የንብረትና ጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የተመቸ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የመናፈሻው አትክልተኛ፣ በእጄ ያለውን የሞተር መጋዝ ለዓመታዊ ጽዳት ወስደው ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደ መስታወት አብረቅርቆ እንዲመለስ ስላደረጉልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ሳላቀርብ ማለፍ አልቻልኩም። መጋዙ ሲሄድ ቆሻሻ ነበር፤ ይቆርጥ ነበር። ሲመለስ ንጹሕ ነው፤ አይቆርጥም።

ይህን ያወቅሁት ባለፈው ሰኞ ነው። ነፋስ ትልቁን ዛፍ ነቅሎ ከአጥሩ ማዶ በሚኖሩ ጡረተኛ፣ ሰፈሩ «እማማ ታይፕ» በሚላቸው የቀድሞ የቢሮ ጸሐፊ በር ላይ አጋደመው። እሳቸው ደህና ናቸው፤ ሆኖም በሩ አልከፈት አለ፣ መስኮቶቹም የብረት ፍርግርግ አላቸው። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ዓመት ሙሉ ወረፋ የጠበቁለት የዓይን ቀዶ ሕክምና ነበራቸው። በእጅ መጋዝ እንዳንሞክር የግንዱ ውፍረት ከመጋዙ ርዝመት ይበልጣል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

፩. የሞተር መጋዙ ሰንሰለት ጥቂት ይሄድና ቀጥ ይላል። ውጥረቱን አላላሁ፤ ፍሬኑ አለመያዙን አየሁ፤ ተገልብጦ ገብቶ እንደሆነ ብዬ ፈትቼ ገጠምኩ። አሁንም ቀጥ። ስልክ ስደውል የክፍልዎ ባለሙያ መጋዙን ማየት ሳያስፈልጋቸው «ችግሩ ከተጠቃሚው ነው» ብለው በአንድ ትንፋሽ ስለመረመሩልኝ እጅ እነሳለሁ።

፪. በሦስት ቅጂ ማመልከቻ እንዳስገባ ስለታዘዝኩ ጻፍኩ። እማማ ታይፕ በፍርግርጉ መካከል ተቀብለው፣ ደህና በሆነችው አንድ ዓይናቸው አንብበው፣ ሁለት ግድፈት አርመው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ‘በአስቸኳይ’ የምትለዋን ሰርዛት፤ እሷን ሲያዩ ከክምሩ ሥር ነው የሚከቱት» አሉኝ። አርባ ዓመት ቢሮ ሠርተዋልና ሰርዤ አስገባሁ። ያም ሆኖ ማክሰኞ አለፈ፤ ረቡዕም ተጋመሰ። እሳቸው እየሳቁ ምሳቸውን በመስኮት ይቀበሉኛል፤ የሆስፒታሉን ቀጠሮ ወረቀት ግን ከእጃቸው አያስቀምጡም ነበር። እኔ ያን ወረቀት ላለማየት ወደ ዛፉ ዞሬ እቆማለሁ።

፫. ረቡዕ ከሰዓት ባለቤቴ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ በሕይወቷ መጋዝ ነክታ አታውቅም። ሰንሰለቱን አስወልቃኝ፣ ሰንሰለቱ በሚሮጥበት በረጅሙ ብረት ቦይ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሳንቲም ሰደደች። ሳንቲሟ ሄደች፣ ሄደች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እዚያው ጠርዙ ላይ፣ ክፍልዎ በመዶሻ የመታው አዲስ የንብረት ቁጥር አለ። ምቱ የቦዩን ከንፈር አጣብቆታል። ባለቤቴ «የኪሱን አፍ ሰፍተውታል እኮ!» ብላ ሳቀች። በርግጥ ቁጥሩ ከሌባ እንደሚጠብቅ አልጠራጠርም፤ የማይሠራ መጋዝ ማን ይሰርቃል?

የተጣበቀውን በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብለን ከፈትን፣ በሞረድ አለሰለስን፣ ዘይት ጠብ አደረግን። ሰንሰለቱ እንደ ክር ዞረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ተከፈተ፤ እማማ ታይፕ ቦርሳቸውን አንግተው ብቅ ሲሉ፣ ላቤን የጠረግሁ መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ሐሙስ በሰዓታቸው ደረሱ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ፣ ይህን ደብዳቤ በሁለቱም ዓይናቸው አንብበው አርመውልኛል። ስድቡ አንሷል ብለዋል።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመጋዜ ደግሞ ከእርስዎ የራቀ ኑሮ ከልብ የምመኝ፣
ችግሩ ከእርሱ የሆነው ተጠቃሚ፣
የመናፈሻው አትክልተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል የማመልከቻዬ መልስ ደረሰኝ፤ ተጠቃሚው የሁለት ቀን ሥልጠና እንዲወስድ ታዟል። በደስታ ተቀብያለሁ። አሠልጣኝ በመፈለግ እንዳይደክሙ ባለቤቴ ፈቃደኛ ሆናለች፤ ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት በስፌት ቤቷ ይጀመራል። ባለሙያዎችዎን ይዘው ይምጡ፤ ለእርስዎ ከፊት ረድፍ ወንበር ይዘንልዎታል።