ያልዘመመው ወለል

ውድ እትዬ ደመቀች፣

ጤናሽ እንዴት ነው? አገር ቤት፣ አዳማ ልጅሽ ዘንድ ከሄድሽ ሃያ ስድስት ቀን ሆነሽ። ስትሄጂ የኪራይ ውላችንን ለሁለት ዓመት እንዳድስ አዘሽኝ ነበር። አላደስኩትም። ምክንያቱን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ልጻፈው።

አምና ኪዋቱሌ ሰፈር ያየነውን፣ የመንትዮቹን እናት የናሎንጎን ቤት ታስታውሻለሽ። ምግብ ቤትሽን ከሸጥሽ ወዲህ ያየነው ስድስተኛው ቤት ነበር፤ አንቺ ግን ገና ከበሩ ወደድሽው። ደረጃ የለውም። የመሬቱ ሊዝ አርባ ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል ስትልሽ፣ "ለሰባ አንድ ዓመት ሴት ይበቃል፤ የተረፈውን ይሄ ወንድሜ ይጨርሰዋል" ብለሽ አሳቅሻት።

እኔ እንደ ልማዴ ሜትርና ውሃ ልክ ይዤ ነበር። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። ቤቱ ደህና ነበር። ያን ጊዜ ጀርባዬን ሰጠሁሽና አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ጥፍር ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ጠርቼ አሳየሁሽ። ወለሉ ዘሟል፣ መሠረቱ እየሰመጠ ነው አልኩሽ። መነጽርሽን እንኳ አላወጣሽም።

"አንተ ከለካኸው አለቀ" አልሽኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር መልስ ገልብጦ ላመጣ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም።

ለምን እንዳደረግሁት አውቃለሁ። እዚህ ማኪንድዬ ሰፈር፣ ፎቁ ላይ፣ የኪራዩን ግማሽ ስለምከፍል ራሴን እኩልሽ አድርጌ አያለሁ። ለግዢው ግን የአንድ በር ዋጋ እንኳ ማዋጣት አልችልም ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቴ እህቱን የተጠጋ መባልን ፈራሁ። ለዚህ ስል አንድ ዓመት ሙሉ ሃያ ሁለት ደረጃ አስወጣሁሽ። ጉልበትሽን ይዘሽ መሀል ላይ ስታርፊ እየሰማሁ ጋዜጣዬን አነብ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ በቦዳ ሞተር ብስክሌት ናሎንጎ ዘንድ ሄድኩ። ቤቱ አልተሸጠም። ውሸቴን ቤተ ክርስቲያን ለወዳጃችን ለኃይለመስቀል ነግሬው ስለነበር፣ ወሬው ተዛምቶ ሁለት ያገራችን ሰዎች ሊገዙ መጥተው ትተውታል። ሁሉንም ነገርኳት። ወንበር ሰጠችኝ።

"መምህር፣ ይህን ቤት የሠራው ሟቹ ባሌ ነው" አለችኝ። "አንተ ከሄድክ ወዲህ እሱንም መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ወለሉን በባዶ እግሬ እየዳበስኩ ነው የምሄደው።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሽሽም። ዋጋውን ግን አልጨመረችም፤ እስክትመለሺም ትጠብቅሻለች። አከራያችንም እስከዚያ በወር በወር እንድንቀጥል ተስማምቷል። መግዛቱንም መተዉንም አንቺ ወስኚ፤ ቤቱን ግን ሌላ ሰው ይለካልሽ።

እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ለኃይለመስቀል እውነቱን ነገርኩት። እየቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አለመሆኑን ሲያውቅ አንገቱን ደፋ።

"ታዲያ እሷ ከገዛችው፣ አንተ የት ልትኖር ነው?" አለኝ።

"ከፈቀደችልኝ፣ እህቴ ቤት" አልኩት።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ዮፍታሔ