ሠላሳ አንድ እርምጃ

ጥር 4

ዛሬም ያው ነው። የፋብሪካው አዳራሽ በር ላይ ያሉትን ሦስት የትርፍራፊ በርሜሎች አስገለበጥኩ። «የሳፋ ቁርጥራጭ ብቻ» ከሚለው ውስጥ ምን ወጣ? የክዳን ቁርጥራጭ፣ ጓንት፣ የተጋጠ አጥንት፣ የግራ እግር ጫማ። ጫማ! ባለቤቱ በአንድ እግሩ ነው ወደ ቤቱ የሄደው?

ማስታወቂያውን ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። በትልልቅ ፊደል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ...

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተሰነጠቀ ሳፋ ተቀምጧል። ከሱቅ የተመለሰ ነው። መጋዘን ውስጥ ሌላም ሞልቷል። ምክንያቱን አውቃለሁ። የሳፋውና የክዳኑ ፕላስቲክ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ አብረው ተፈጭተው ከቀለጡ ግን አይዋሃዱም። የወጣው ዕቃ ይሰነጠቃል።

«እስከ የካቲት አጋማሽ» አለኝ። «ካልተስተካከለ የፕላስቲክ ወፍጮው ይሸጣል። ትርፍራፊው ሁሉ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ።»

«ወፍጮ ቤት ያሉት አራቱ ሴቶችስ?»

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ።

ወፍጮው ይገዛ ብዬ የተሟገትኩት እኔ። ሴቶቹን የቀጠርኩት እኔ።

ጥር 6

ስብሰባ ጠራሁ። ጮህኩ። «ሦስት በርሜል፣ ሦስት ቀለም! ይሄ ምኑ ይከብዳል?» ከኋላ አንዱ አንሾካሾከ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ረጅሙ ነው፣ የሦስተኛው ማሽን ሠራተኛ።

«ምን አልክ?»

«ኧረ ምንም ጋሼ። በርሜሎቹ ያምራሉ ነው ያልኩት።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አየችና «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አለች። በርሜል አልኳት።

ጥር 9

ወፍጮ ቤት ወረድኩ። ከገባሁበት ስንት ጊዜ ሆነኝ? ሁለት ወር? አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። የሴቶቹን አለቃ ሁሉም እቴቴ ይሏታል። ሁለቱን ነጭ ፕላስቲክ በምን እንደምትለይ ጠየቅኳት። አንድ ቁራጭ አንስታ ሲሚንቶው ላይ ጣለችና ድምፁን አዳመጠች።

«ይሄኛው ለፍላፊ ነው።» ሌላ ጣለች። «ይሄ ደግሞ ያኮረፈ።»

አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ይሄን ማንም አልነገረኝም። አላመንኩም። አርባ ቁራጭ መርጬ ቁጥር ጻፍኩባቸውና ፈተንኳት። ሠላሳ ዘጠኙን ለየች። አርባኛውን ሁለቴ ሦስቴ ጣለችው። «ይሄ ሁለቱንም ነው» አለች። መዝገቤን አየሁ... ከተሰነጠቀው ሳፋ የቆረጥኩት ነበር።

«ታዲያ እንዲህ እያወቅሽ ለምን ይቀላቀላል?»

«ጋሼ፣ በቀን ስልሳ ጆንያ ይመጣልኛል። ሁሉንም አንድ በአንድ እየጣልኩ ላዳምጥ?»

ተቀላቅሎ ነው የሚመጣላት ማለት ነው። ታዲያ ልክ ነኛ! ጥፋቱ ማሽን ላይ ያሉት ሰዎች ነው።

ጥር 10

ለረጅሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። ከማሽኑ ኋላ ባለ፣ ማታ በርሜል ውስጥ በሚገለበጥ ካርቶን ሁሉንም ቀላቅሎ አገኘሁታ።

ጥር 13

ረጅሙ ወረቀቱን አጣጥፎ ይዞ መጣ። «ፈርሜያለሁ ጋሼ። ግን አንድ ሰዓት ማሽኔ ላይ ይቁሙልኝ። ከዚያ ከፈለጉ ሌላም ይጻፉልኝ።»

ቆምኩ። እልህ ነው ያቆመኝ።

ሞልዱ፣ ሳፋው የሚቀረጽበት ቅርጽ፣ በየአርባ ሰከንዱ ይከፈታል። ሳፋውን አውጣ፣ ጠርዙ ላይ የተረፈውን በቢላ ቁረጥ፣ ደርድር፣ የማሽኑን በር ዝጋ። ቁርጥራጩ እጅህ ላይ ቀረ። በርሜሉ የት ነው? የአዳራሹ በር ላይ። ሠላሳ አንድ እርምጃ፤ ቆጠርኩት። ደርሼ ስመለስ ማሽኑ ቆሞ ይጮኻል። ሁለተኛውን እየሮጥኩ ወሰድኩ። በአራተኛው ላቤ ዓይኔ ገባ። በሰባተኛው... ዞር አልኩና ከኋላዬ ያለው ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት። የክዳን ቁርጥራጭ ነበረበት። ጓንትም።

ማንም አልገፋኝም። በገዛ እጄ ነው የጣልኩት።

«አይዞዎት ጋሼ» አለ ረጅሙ። «እኔ በሦስተኛው ነበር የጣልኩት።»

ጥር 14

በርሜሎቹን በር ላይ ያስደረደርኩት ለምን ነበር? እንግዳ ሲገባ እንዲያያቸው። ሌላ ምክንያት ፈለግኩ፣ አጣሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በመሐንዲስነት ሁሉን ስለካ ይቺን ሳልለካ...

ማስጠንቀቂያውን ቀደድኩት። ይቅርታ ልበለው ብዬ ሄድኩ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ማሽንህ ላይ ጆንያ ብንሰቅል የት ቢሆን ይሻልሃል?» ብቻ አልኩት።

«በግራ ክርኔ በኩል። ቀኜ ቢላ ይዟል።»

ጥር 20

በየማሽኑ ጆንያ ሰቀልን። አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚሠራው። ቁርጥራጩ እዚያው ከቀረ ከየት መጥቶ ይቀላቀላል? ሞልድ ሲቀየር ጆንያውም ይቀየራል። አለቀ። ጽሑፍ የለም፤ ማስታወቂያዬን ሁሉ ነቀልኩ። ለአጥንቱ ምግብ ቤቱ በር ላይ ባልዲ አኖርን።

እቴቴ ዛሬ የደረሷትን ጆንያዎች ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ቁራጭ እየጣለች አዳመጠች። «ዛሬስ ሁሉም በየወገኑ ነው» አለች። አላመንኩም። ደገመችልኝ።

ጥር 27

አምስተኛው ማሽን ብቻ አሁንም በየካርቶኑ ይጥላል። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ልጮህ እየተንደረደርኩ ደረስኩ። ቆሜ አየሁ። አንድ ሳፋ፣ ሁለት ሳፋ... ሴትዮዋ ግራኝ ናት! ቢላውን በግራዋ ይዛ ከጆንያው ጋር ትጋጫለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲመጡ ፊትዎን አይቼ ነዋ» አለች።

ሆድ ይፍጀው። ጆንያውን ወደ ቀኝ አዞርነው።

የካቲት 14

የፈተናው ቀን። ውሃ የሞሉ ሃያ ሳፋዎች፣ ሁሉም የተፈጨው ትርፍራፊ የተጨመረባቸው፣ ከሁለት ሜትር ላይ ተለቀቁ። ሥራ አስኪያጁ ሱሪውን ከርጭቱ እየጠበቀ ቆሟል። አሥራ ዘጠኙ ምንም አልሆኑም። አንዱ ለሁለት ተከፈለ።

ፊቱ ጠቆረ። «ይኸው» አለ።

«አሁን ደግሞ ከአዲስ ጥሬ ዕቃ ብቻ የተሠሩትን ሃያ ሳፋዎች እንልቀቅ» አልኩ። አስቀድሜ አዘጋጅቼያቸው ነበር። ውጤቱን ግን አላውቅም፤ አልሞከርኳቸውም። ለመሞከር ፈርቼ ነበር ብል ይሻላል።

ከእነሱም አንዱ ተሰነጠቀ።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ስባሪዎች ጎን ለጎን አየ። «እኩል ናቸው» አለ። «ወፍጮው ይቆይ።»

የካቲት 15

ለሴቶቹ ልነግራቸው ወረድኩ። ትናንት ሳልነግራቸው ማደሬ ስህተት ነበር። ቀነ ገደቡን ሰምተው ኖሮ ነጠላ ጫማቸውን፣ ኩባያቸውን፣ የሥራ ጋውናቸውን ካርቶን ውስጥ ከተው በር ላይ አስቀምጠዋል። አራት ካርቶን።

እቴቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ጨረስን?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። አልገባቸውም። «ትቀጥላላችሁ» አልኩ በመጨረሻ፣ ድምፄ እንደ ቁጣ ሆኖ ወጣ። ትንሿ ማልቀስ ጀመረች። እቴቴ አላለቀሰችም። ካርቶኗን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው።

«እንግዲህ ከቀጠልን መስኮት ይከፈትልን። በዚህ አቧራ አንድ ዓመት የምንዘልቅ ይመስልዎታል?»

ድሮ ቢሆን በጽሑፍ አቅርቢ እላት ነበር። ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ ሰጠኋት። መስኮቱን ግድግዳው ላይ ሳለችው። ትልቅ ነው። ሌሎቹ ከኋላዋ ሆነው «ሰፋ አድርጊው፣ ሰፋ!» ይላሉ።

የካቲት 23

ግንበኛው ግድግዳውን መስበር ጀመረ። እቴቴ የሳለችውን መስመር ለካሁት። የቀኙ ጠርዝ ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። ዓይኔን በላኝ።

ግንበኛውም አይቶታል። «ጋሼ፣ መስመሩ ጠማማ ነው። ላቃናው?»

ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።