አጭሩ ደብዳቤ

ጥቅምት 6፣ 1990፣ ሐሙስ
ቦሌ መንገድ ላይ ሁለት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። "እንደውላለን" አሉ። ቤታችን ስልክ የለም፤ የጎረቤታችንን የትግስትን ቁጥር ሰጠሁ።

ከሰዓት የአያቴን የእማማ መኪያን ደብዳቤ ጻፍኩ። በየወሩ ነው፣ ባቲ ላሉት ወንድማቸው ለሼህ አብዱልሐሚድ። እማማ ፊደል አይለዩም። ስም ግን አይዘሉም... "እኔ እህትህ ደህና ነኝ። ሃይደር ደህና ነው። ሀጀር ደህና ናት። ልጅህን ፈሂማን ታይፎይድ ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል..." ገጽ ተኩል።

"እማማ፣ 'ሁላችንም ደህና ነን' ብንልስ?"
"ሁላችን ማነው? ስም የለውም?"

ኅዳር 4፣ ሐሙስ
ነገ የቅጥር ፈተና አለኝ። እማማ ደግሞ ዛሬውኑ ይጻፍ አሉ፤ ሾፌሩ ማሞ ነገ ወደ ባቲ ይወጣል። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ የእኔ ዓይን ደብተሬ ላይ። "ሁላችንም ደህና ነን፣ አታስቡ" ብዬ በአራት መስመር ዘጋሁት። አንብቢልኝ ሲሉኝ ስሞቹን አንድ በአንድ በቃሌ ወረድኳቸው። መረቁኝ።

ጥሩ ደብዳቤ አጭር ነው። አራት ዓመት ኮሌጅ የተማርነው ይሄንኑ አይደል?

ኅዳር 5
ፈተናው ቀለለኝ!

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ
ከባቲ መልስ የለም። "ወንድም ጋሼ ወር ዘሎ አያውቅም" ይላሉ እማማ። ፖስታ ቤቱ ነው አልኳቸው። በፖስታ ቤት እንደማይላክ ረስቼ...

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ
ማሞ ከባቲ ገባ። ፈሂማ ሱቅ ነበርኩ፣ ወሎ ሰፈር። ገና ሲያያት የስኳር ጆንያው ላይ ቁጭ አለ።
"አለሽ እንዴ?"
"የት ልሂድልህ?" ሳቀች።
እሱ አልሳቀም፤ የሆነውን ነገረን። ባቲ ሞታለች ብለው ሰደቃዋን አውጥተው ጨርሰዋል። እዚያ መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም። የሞተ ሰው ስሙ ከደህናዎቹ መሃል ይቀራል፤ አንባቢው ይገባዋል። ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ላይ የማንም ስም የለም፣ ታማ የነበረችው ደግሞ እሷ ናት... አባቷ ሰምተው ወደቁ። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተይዟል።
ፈሂማ ወደ እኔ ዞረች።

ታኅሣሥ 16
ፈሂማ ሱቋን ዘግታ ከማሞ ጋር ሄደች። እማማ መኪና አይችሉም፣ ቀሩ።
ነገርኳቸው። "እማማ፣ ስሞቹን እኔ ነኝ ያልጻፍኳቸው።"
"አንብበሽልኝ አልነበር?"
"በቃሌ ነበር..."
ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። "እኔ እኮ ሰምቼሽ አሚን አልኩ" ብቻ አሉ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ
ማሞ ወሬ አመጣ። ሼህ አብዱልሐሚድ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሙት መጣችብኝ ብለው ይሆን? አሁን እሷ ታጎርሳቸዋለች፣ ይበላሉ። አይናገሩም። ሱቁ ይከራይልኝ ብላለች። አትመለስም ማለት ነው።

ጥር 12
ትግስት በአጥር ጠራችኝ፣ ተደወለ። ሥራውን አገኘሁ። የደብዳቤ መጻጻፍ ክፍል አሉኝ... እማማ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። አመራረቃቸው የድሮው ነው። ዓይናቸው ግን?

የካቲት 3፣ ማክሰኞ
ትናንት "ለባቲ ልጻፍልዎት?" ብያቸው ነበር። "አንቺ ሥራ አለብሽ፣ ልጄ። ትግስት ትጽፍልኛለች።"

ዛሬ ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ወረቀት ይዘዋል፣ ገና አልታሸገም። የትግስት እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ።
"የት ይሄዳሉ?"
"ጸጋይ ሱቅ። ላስነብበው።"
"ትግስት አላነበበችልዎትም?"
"አንብባልኛለች።"
ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ። ወረቀቱን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩት።